ስለ ሱሪሞኖ፦ በግል ትእዛዝ ስለታተሙት የጃፓን የግዑዝ ዕቃ ሥዕሎች

የሥዕል ታሪክ መጻሕፍት ስለ ጃፓን የእንጨት ኅትመት በሚያወሱበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ በምሳሌነት የሚያቀርቡልን የሆኩሳይን ታላቅ ማዕበልና የሂሮሺጌን የመንገድ ትርኢቶች ነው። እነዚህ ሥራዎች በኤዶ ከተማ፥ ማለት በዛሬዋ ቶኪዮ፥ በብዛት እየታተሙ በየሱቁ በርካሽ ዋጋ ይሸጡ የነበሩ ናቸው። ነገር ግን በዚያው ዘመንና በዚያችው ከተማ፥ በእነዚያው ሠዓሊዎች እጅ፥ ሌላ ዓይነት ኅትመት ይዘጋጅ ነበር። ይኸኛው ለገበያ አይወጣም። አንድ የግጥም ማኅበር ወይም አንድ ባለጸጋ በራሱ ወጪ ያሳትመውና ለወዳጆቹ ያድለው ነበር። ጃፓኖች ስሙን «ሱሪሞኖ» ይሉታል፤ የቃሉም ፍች «የታተመ ነገር» ማለት ብቻ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከሱሪሞኖ መካከል ሰው የማይታይባቸውን፥ ዕቃ፥ ፍሬ፥ ዓሣ፥ አበባና የመሳሰለው ብቻ የተሣለባቸውን ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እነዚህን ሥዕሎች የአውሮፓ ጸሐፊዎች «የግዑዝ ዕቃ ሥዕል» ብለው ከሆላንድ ሠዓሊዎች ሥራ ጋር በአንድ መደብ አስቀምጠዋቸዋል። በውጭ መልካቸው ይመሳሰላሉና መደቡ ያለ ምክንያት የተሰጠ አይደለም። ሆኖም ይህ ስም ከሚገልጸው ይልቅ የሚሸፍነው የሚበልጥ ይመስለናል። የሆላንድ ሠዓሊዎች ዕቃዎችም ትርጕም እንደነበራቸው የታወቀ ነው፤ በ17ኛው መቶ ዓመት እነ ፒተር ክላስ ከብርጭቆና ከዳቦ አጠገብ የራስ ቅል የሚያኖሩት ሞትን ለማሳሰብ ነበር። ግን የራስ ቅል በየትኛውም አገር፥ በየትኛውም ቋንቋ፥ ሞትን ያመለክታል። በሱሪሞኖ ላይ ያለች አንዲት ብርቱካን ግን ትርጕሟን የምታገኘው ከጃፓንኛ ስሟ ድምፅ ነው። ስሟን የማያውቅ ሰው ሥዕሏን አየ እንጂ አላነበበም። ክርክራችን በዚህ ነጥብ ላይ ይቆማል፤ ለማስረዳትም ከመነሻው መጀመር ያስፈልጋል።

መነሻው የዘመን መቁጠሪያ ነው። ጃፓን እስከ 1872 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ የምትጠቀመው በጨረቃና በፀሐይ በተመሠረተ አቆጣጠር ነበር። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው በቀላሉ እንደሚረዳው የጨረቃ ወር አንዳንዱ 30፥ አንዳንዱ 29 ቀን ነው። በጃፓን ግን ሙሉውና ጎደሎው ወር የሚፈራረቁበት ቅደም ተከተል በየዓመቱ ይለዋወጥ ስለነበር ማንኛውም ሰው፥ በተለይም ዕዳውን በወር መጨረሻ የሚከፍል ነጋዴ፥ የዓመቱን ዝርዝር ማወቅ ነበረበት። ይህን ዝርዝር አትሞ መሸጥ ደግሞ ፈቃድ ለተሰጣቸው አታሚዎች ብቻ የተጠበቀ መብት ነበር። እንግዲህ ጨዋታ ወዳድ የሆኑ የኤዶ ሰዎች የወሮቹን ቍጥር በሥዕል ውስጥ እየሸሸጉ፥ በልብስ ጥለት ወይም በዛፍ ቅርንጫፍ መካከል እየደበቁ፥ በዘመን መለወጫ መለዋወጥ ጀመሩ። በ1765 ዓ.ም. ኦኩቦ ኪዮሴን በሚባለው የሾጉኑ ባለሟል ዙሪያ የተሰበሰቡ ሰዎች በዚህ ነገር እርስ በርሳቸው ተፎካከሩ፤ ሱዙኪ ሃሩኖቡ የተባለውንም ሠዓሊ ቀጥረው አሠሩት። ወጪ አልሰሰቱምና ሙሉ ቀለም ያለው የጃፓን ኅትመት ከዚህ ፉክክር ተወለደ። የገበያ አታሚዎች ዘዴውን የወሰዱት በኋላ ነው። ስለዚህ ዓለም በሙሉ የሚያደንቀው የጃፓን የቀለም ኅትመት መጀመሪያ የተሠራው ለሽያጭ ሳይሆን ለስጦታ ነበር ማለት ነው፤ ይህ በየመጽሐፉ በአንድ መስመር የሚታለፍ ነገር ቢሆንም ለእኛ ትልቅ ቁም ነገር ሆኖ ታይቶናል።

ከዚህ በኋላ ጨዋታውን የተረከቡት የ«ኪዮካ» ማኅበሮች ናቸው። ኪዮካ ሲተረጐም «ያበደ ግጥም» ማለት ነው። ቅርጹ የጥንቱ የቤተ መንግሥት ግጥም ቅርጽ ነው፤ 31 ቀለማት በ5፥ በ7፥ በ5፥ በ7፥ በ7 ተከፍለው ይደረደራሉ። በውስጡ የሚነገረው ግን ስለ ገበያ፥ ስለ ዓሣ፥ ስለ ዕዳ፥ ስለ መጠጥ ነው። ዋናው ጥበቡም አንዱን ቃል ሁለት ትርጕም እንዲሸከም ማድረግ ነው። ለአማርኛ አንባቢ ይህን ማብራራት ብዙ አያደክምም፤ የቅኔ ተማሪ «ኅብር» የሚለውን ነገር ያውቃልና። ልዩነቱ፥ የእኛ ቅኔ ሰሙንም ወርቁንም በቃል ሲይዝ፥ ሱሪሞኖ ከሁለቱ አንዱን ብዙ ጊዜ ለሥዕሉ መተዉ ነው።

የማኅበሩ አባላት የተለያዩ ሰዎች ነበሩ። የሾጉኑ መንግሥት ወታደሩን፥ ገበሬውን፥ የእጅ ባለሙያውንና ነጋዴውን በየደረጃው ለይቶ ይገዛ በነበረበት በዚያ ዘመን፥ በግጥሙ ስብሰባ ላይ ሳሙራይና ባለ ሱቅ አብረው ይቀመጡ ነበር። ለዚህ የረዳቸው የብዕር ስማቸው ይመስለናል። ኢሺካዋ ማሳሞቺ የተባለው ታዋቂ ገጣሚ በኤዶ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ነበረና ስሙን «ያዶያ ኖ መሺሞሪ» ብሎት ነበር፤ «የማረፊያ ቤቱ ሩዝ አቅራቢ» እንደ ማለት ነው። ኩቦ ሹንማን (1757–1820) የሚባለው ሠዓሊና ገጣሚ ደግሞ «ናንዳካ ሺራን» በሚል ስም ይጽፍ ነበር፤ «ምን እንደሆነ እንጃ» ማለት ነው። እንዲህ ባሉ ስሞች በተሞላ ጉባኤ ውስጥ ማን በማዕርግ እንደሚበልጥ መጠየቅ ራሱ ያስቃል። ማኅበሮቹ የየራሳቸው ምልክትና የግጥም ዳኛ ነበራቸው። ግጥሙ እንዲታተምለት የሚፈልግ አባል ድርሻውን ያዋጣል፤ የተዋጣው ገንዘብ ለሠዓሊው፥ ለእንጨት ቀራጺውና ለአታሚው ይከፈላል፤ ወረቀቱም ሲወጣ ለአዋጪዎቹና ለወዳጆቻቸው ይታደላል። የአንዱ ሱሪሞኖ ቅጂ ብዛት ከጥቂት መቶ እንደማይበልጥ ይገመታል። የሚታደልበትም ዋና ጊዜ ዘመን መለወጫ ነበር።

ዕቃው እንዴት ይነበባል ወደሚለው ጥያቄ እንመለስ። በእነዚህ ሥዕሎች ደጋግሞ የሚታየውን የዘመን መለወጫ ትሪ በምሳሌነት እንውሰድ። በትሪው ላይ መራራ ብርቱካን አለች። ስሟ «ዳይዳይ» ነው፤ በዚያው ድምፅ «ከትውልድ ወደ ትውልድ» የሚል ሐረግ አለ። ፍሬዋም ሳይረግፍ ለዓመታት ከዛፉ ላይ የሚቆይ ስለሆነ ነገሩ ከስሙ ጋር ይስማማል። ከአጠገቧ የደረቀ የባሕር አረም አለ፤ ስሙ «ኮምቡ» ነው፤ «ዮሮኮቡ» ከሚለው፥ «መደሰት» ከሚለው ግሥ ጋር ይገጥማል። «ታይ» የሚባለው ቀይ ዓሣ «መደታይ» የሚለውን፥ «የምሥራች፥ ደስ የሚል» ማለት የሆነውን ቃል ያስታውሳል። ሎብስተር የሚባለው ዛጎል ለባሽ የባሕር እንስሳ ሲጻፍ በሁለት ፊደላት «የባሕር ሽማግሌ» ተብሎ ነው፤ ጀርባው ጎብጧልና፥ ጢሙም ረዝሟልና፥ እስኪጎብጡ መኖርን መመኘት ነው። በሸክላ ማሰሮ የተተከለች አንዲት ቢጫ አበባ ብትኖር «ፉኩጁሶ» ትባላለች፤ ቃል በቃል «የዕድልና የረጅም ዕድሜ ተክል» ነው። እንግዲህ አንድ የአውሮፓ ሰብሳቢ «ፍራፍሬና ዓሣ በትሪ ላይ» ብሎ የመዘገበው ሥዕል፥ ለተቀበለው ሰው «ደስ ይበልህ፥ አርጅ፥ ዘርህ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይቀጥል» የሚል ሙሉ ምርቃት ነበር። ይህንንም ሁሉ የሚለው አንድም ቃል ሳይጽፍ ነው። ከላይ የሚጻፈው ግጥም ሌላ ነገር ለመናገር ነፃ ይሆናል፤ አንዳንድ ጊዜም ምርቃቱን መልሶ ይቀልድበታል።

ሆኩሳይ ይህን ዘዴ ከሁሉ አርቆ የወሰደው ይመስለናል። በ1821 ዓ.ም. «ዮሞ» ለተባለው ማኅበር 36 ሥዕሎች ያሉበትን አንድ ተከታታይ ሥራ አዘጋጀ። መነሻው በቀድሞ ዘመን የተዘጋጀ የ36 የባሕር ዛጎሎች ዝርዝር ነበር፤ እያንዳንዱ ሥዕል በአንድ ዛጎል ስም ይጠራል። ሥዕሉን ስናይ ግን ብዙ ጊዜ ዛጎሉን አናገኘውም። ሠዓሊው የዛጎሉን ስም ይዞ፥ ስሙ የሚያስታውሰውን ሌላ ዕቃ ወይም ቦታ ይሥላል። በማግሥቱ፥ በ1822 ዓ.ም.፥ ተራው የፈረስ ዓመት ነበር፤ በምሥራቅ እስያ አቆጣጠር ዓመታት በ12 እንስሳት ስም እየዞሩ ይጠራሉና። ሆኩሳይ ለዚያው ማኅበር የፈረስ ሥዕሎች የተባለውን ሌላ ተከታታይ ሠራ። ከእነዚህም በብዙዎቹ ላይ አንድም ፈረስ የለም! ፈረሱ የተደበቀው በዕቃው ወይም በቦታው ስም ውስጥ ነው። «ኮማ» የሚለው የጃፓንኛ ቃል ውርንጭላ ማለት ነው፤ ግን የጃፓን ሠንጠረዥ ጠጠርም ኮማ ይባላል፥ የሕፃናት እሽክርክሪትም ኮማ ይባላል፥ በኤዶ ወንዝ ዳር የነበረው የኮማጋታ አዳራሽም ስሙ የሚጀምረው በዚሁ ቃል ነው። ቋንቋው ራሱ ለሠዓሊው በር ከፍቶለት ነበር ማለት ይቻላል። ተቀባዩም ወረቀቱን እጁ ላይ ይዞ «ፈረሱ የት አለ?» እያለ ይፈልጋል። ያገኘው ይስቃል፤ ያላገኘውም አገኘሁ እያለ ይስቃል ብለን ብንገምት ከሰው ጠባይ የራቅን አንሆንም።

የማይሸጥ መሆኑ ስለ ሥራው ምን ለወጠ? በመጀመሪያ ከሕግ ጋር የነበረውን ግንኙነት ለወጠ። ከ1790 ዓ.ም. ጀምሮ ለሽያጭ የሚወጣ ሥዕል ሁሉ በመርማሪ ታይቶ «ኪዋሜ» የሚል የፈቃድ ማኅተም እንዲያርፍበት ታዝዞ ነበር። ሱሪሞኖ የግል ስጦታ ስለሆነ ይህ ማኅተም አይታይበትም። ከዚህ የሚበልጠው ለውጥ ግን በእጅ ሥራው ላይ የታየው ነው። ነጋዴ አታሚ ገንዘቡን የሚያወጣው ትርፉን እያሰላ ነው፤ ስለሆነም ቀለም ሲበዛ፥ ወረቀት ሲወፍር ይከስራል። ማኅበርተኞቹ የሚያሰሉት ትርፍ አልነበራቸውም። ስለዚህ በገበያው ሥዕል ላይ የማይቻለው ሁሉ እዚህ ተቻለ።

ወረቀቱ «ሆሾ» የሚባለው ነው፤ «ኮዞ» ከሚባል ቁጥቋጦ ልጥ የሚሠራ፥ ወፍራምና ለስላሳ። ከ1810ዎቹ ወዲህ የተለመደው መጠን ወደ ካሬ የቀረበ፥ ቁመቱ 21፥ ወርዱ 18 ሳንቲሜትር ያህል፥ በሁለት እጅ የሚያዝ ትንሽ ወረቀት ነበር። ሠዓሊው በስስ ወረቀት ላይ የሣለው በቼሪ እንጨት ገበታ ላይ በፊቱ ይለጠፋል፤ ቀራጺው በወረቀቱ ላይ እየቀረጸ መስመሩን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን በመሮ ያነሣል። የሠዓሊው የእጅ ሥራ በዚሁ ጠፍቶ ይቀራል። ለእያንዳንዱ ቀለም ሌላ ገበታ ይቀረጻል፤ ገበታዎቹ ከአሥር ሊበልጡ ይችላሉ። በገበታው ማዕዘንና ጠርዝ ላይ የተቀረጸ ምልክት ወረቀቱ በየጊዜው በልኩ እንዲያርፍ ያደርጋል። ቀለሙ በውኃ የተበጠበጠ ሆኖ ከሩዝ ሙጫ ጋር በብሩሽ ይቀባል፤ አታሚውም ወረቀቱን ከላይ አድርጎ በቀርከሃ ልባስ በተሸፈነ ክብ መዳመጫ ያሸዋል። ማተሚያ መኪና የሚባል ነገር በሥራው ውስጥ የለም።

ሱሪሞኖን ከሌላው የሚለየው ግን ከዚህ ላይ የሚጨመረው ነው። አንዳንድ ገበታ ምንም ቀለም ሳይቀባ ርጥብ ወረቀት ይጫንበታል፤ አታሚው አንዳንዴ በክርኑ ጭምር እየተጫነ ወረቀቱ የእንጨቱን ቅርጽ እንዲይዝ ያደርጋል። የሸክላው ሆድ፥ የጨርቁ ሽመና፥ የዓሣው ቅርፊት፥ የነጭ አበባው ገጽ እንዲህ ያለ ቀለም ይወጣል። ነጩን በነጭ ላይ ማተም ማለት ነው። ሌላው የብረታ ብረት ብናኝ ነው። ወርቅ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ነሐስ ነው፤ ብር የሚመስለው ብዙ ጊዜ ቆርቆሮ ነው፤ መዳብም ይጨመራል፤ ሁሉም በሙጫ ይያዛል። ላከር የተቀባ ጥቁር ሣጥን በሚሣልበት ጊዜ ጥቁሩ ከታተመ በኋላ ፊቱ ተወልውሎ እንዲያብረቀርቅ ይደረጋል፤ ወረቀቱን ቀና ሲያደርጉት ጨለማ የነበረው ቦታ ይበራል። እንግዲህ ይህ ሥዕል በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከሩቅ እንዲታይ አልተሠራም። በእጅ ተይዞ፥ ወዲያና ወዲህ እየተዘነበለ፥ በጣትም እየተዳሰሰ የሚታይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በዚህ ሁሉ ወጪ የሚሣለው ምንድን ነው? የሻይ ማፍያ፥ የብዕር መያዣ፥ አንድ እስር አትክልት፥ የትንባሆ ዕቃ ነው። መንግሥት ቅንጦትን በድንጋጌ ይከለክል በነበረበት ዘመን ነጋዴው ሀብቱን በአደባባይ ማሳየት ያስፈራው ነበርና፥ ተራውን ዕቃ በነሐስና በቆርቆሮ ማሳተም አንዱ መውጫ ሳይሆንለት አልቀረም። ይህን ስንል ግን ሱሪሞኖን ሁሉ ማመስገናችን አይደለም። ብዙዎቹ ግጥሞች ምርቃትን ከመደጋገም አያልፉም፤ አንዳንዱም ሥዕል ከብልኀቱ ይልቅ ብልጭልጩ ይበልጣል። የቀራጺዎቹና የአታሚዎቹም ስም አብዛኛውን ጊዜ በወረቀቱ ላይ አልተጻፈም። አሥር መስመር የማይሞላ ግጥም ያዋጣው ነጋዴ ስሙ ሲቀር፥ የፀጉር ያህል የቀጠነ መስመር በእንጨት ላይ ያስቀረው ሰው ስም ሳይቀር መቅረቱ የሚያሳዝን ነው።

ከሠዓሊዎቹ መካከል ለዕቃው ሥዕል ይበልጥ የሚጠቀሱት የተወሰኑ ናቸው። ሹንማን ግራኝ ነበርና የሥራ ቤቱን ስም «ሾሳዶ»፥ ግራን የሚያከብር አዳራሽ፥ ብሎ ሰይሞታል፤ ሥዕሉንም ግጥሙንም ራሱ የሚችል ስለነበረ ሁለቱ በእርሱ ሥራ ላይ የተጋቡ ናቸው። የሆኩሳይ ተማሪ የነበረው ሪዩሪዩኪዮ ሺንሳይ በዕቃ ሥዕል የታወቀ ነው። ሌላው የሆኩሳይ ተማሪ ቶቶያ ሆኬይ (1780–1850) አስቀድሞ ዓሣ ነጋዴ ነበር፤ «ቶቶያ» የሚለውም ስሙ የዓሣ ሱቅ ማለት ነው። ያሺማ ጋኩቴይም እንደ ሹንማን ገጣሚ ነበረ።

ይህ ሥራ የደከመው በ1830ዎቹ ነው። ከ1833 እስከ 1837 ዓ.ም. በጃፓን ላይ ታላቅ ረኀብ ወረደ፤ ከ1841 እስከ 1843 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ቅንጦትን የሚቀጣ ጥብቅ ሕግ አወጣ። አስቀድሞም የማኅበሮቹ ታላላቅ ዳኞች፥ ዮሞ ኖ ማጋኦ በ1829፥ መሺሞሪ በ1830 ዓ.ም.፥ ሞተው ነበር። ከዚያ በኋላ ሱሪሞኖ ፈጽሞ ባይቀርም፥ እነ ሺባታ ዘሺን (1807–1891) ለሌሎች የግጥም ወዳጆች ቢሠሩም፥ የኪዮካው ዘመን አልተመለሰም።

ጃፓን ለውጭ ንግድ ከተከፈተች በኋላ እነዚህ ወረቀቶች ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ተጓዙ፤ በጕዟቸውም ላይ ሁለት ጉዳት ደረሰባቸው። የመጀመሪያው ጉዳት ከላይ የጠቀስነውን ክርክር በቀጥታ የሚነካ ነው። ከ1810ዎቹ በፊት የነበረው ሱሪሞኖ ብዙ ጊዜ አግድም የሚታጠፍ ትልቅ ወረቀት ነበር፤ በአንዱ ግማሽ ሥዕሉ፥ በሌላው ግማሽ ግጥሞቹ ወይም የአንድ የሙዚቃ ዝግጅት መርሐ ግብር ተገልብጦ ይታተማል፤ ሲታጠፍ ጽሑፉ ይቃናል። ጽሑፉን ማንበብ የማይችለው ገዥ ሥዕሉን በመስታወት ለማስገባት ሲል ግማሹን ቆርጦ ጣለው። ዛሬ በየሙዚየሙ ካሉት ከእነዚህ ረጅም ወረቀቶች ብዙዎቹ እንዲህ የተቆረጡ ናቸው። የቀረው ግማሽ በእውነትም «የግዑዝ ዕቃ ሥዕል» ሆነ፤ ስሙን ያገኘው በመቀስ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው ጉዳት የቅጂው ነገር ነው። በ1890ዎቹ አካባቢ የጃፓን ባለሙያዎች የ1820ዎቹን ሱሪሞኖ ከነብናኙና ከነእብጠቱ እንደ ገና በእንጨት ቀርጸው አተሙ። ሥራው እጅግ ጥሩ ስለነበር በብዙ ስብስቦች ውስጥ ለረጅም ጊዜ እንደ ዋናው ተቈጥሮ ኖሯል። አሁን ተመራማሪዎች የሚለዩት የአንዱን ሥዕል የተለያዩ ቅጂዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው መስመር በመስመር በማስተያየት ነው፤ ሁለት ቀራጺ አንድ የፊደል ጭራ በትክክል እኩል አይቀርጽምና። በዚህ ምርመራ ላይ የሚፈረድበት አብዛኛውን ጊዜ የግጥሙ ጽሑፍ መሆኑን ልብ ይሏል። ለዓይን ይበልጥ የሚያምረው ቅጂ አንዳንድ ጊዜ ሐሰተኛው ነው፤ በዋናው ላይ ያለው ቆርቆሮና ነሐስ በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ ጠቁሯል፥ ከዕፅዋት የተወሰደው ሰማያዊና ቀይ ቀለምም ፈዝዟል።

ዛሬ ጥሩ ጥሩ ስብስቦች በአምስተርዳም በራይክስሙዚየም፥ በአሜሪካ በሃርቫርድና በሺካጎ፥ እንዲሁም በደብሊን በቸስተር ቢቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በዚህ በመጨረሻው ቤት ውስጥ የግዕዝ ብራናዎችም ስላሉ፥ ለብራና ምርምር ወደዚያ የሚሄድ የአገራችን ተማሪ ሱሪሞኖውንም ለማየት ቢጠይቅ ድካሙ አይበዛበትም። ከፊት ለፊት በሚያበራ መብራት ሥር ያለ ቀለም የታተመው ቦታ ባዶ ወረቀት መስሎ ይታያል። ስለዚህ ብርሃኑ ከጎን፥ ዝቅ ብሎ እንዲመጣ ጠባቂውን መለመን ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ የሸክላው ሆድና የዓሣው ቅርፊት ከወረቀቱ ይነሣሉ።